እንኮዬ ያልጨረሰችው ቃል

ተረት ልዝራላችሁ?

«ዝራልን።»

እኔ ስዘራ እናንተ ልቀሙ።

«እንለቅማለን።»

ድሮ ነው። ዛፍ ሁሉ ሲናገር፣ ወንዝ ሁሉ አላፊውን በስሙ እየጠራ ሲያሳልፍ፣ አንድ ጉሬዛ ነበር። በጥቁር ገላው ላይ ከትከሻው ጀምሮ ነጭ ጸጉር ወርዶለት፣ ለሚያየው ሁሉ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ይመስላል። መስሎም አልቀረ፣ ሽማግሌ ሆነ። አያ ጉሬዛ ይሉታል። የጫካው አውሬ በውሃ ቢጣላ ወደ አያ ጉሬዛ ይመጣል። በሥራ ሥር ቢጣላ ወደ አያ ጉሬዛ ይመጣል። እሱም ይህን በዚያ እያያዘ፣ ነገር በምሳሌ እያጣፈጠ ያስታርቃል። አፉ ማር ነው ይሉታል። እሱም ሲሉት ይሰማል፣ ደስም ይለዋል።

ቤቱ ወንዝ ዳር በቆመ አሮጌ ዋንዛ ላይ ነው። እዚያ ከሚስቱ ከዘርፌ፣ ከሴት ልጁ ከእንኮዬ፣ ደግሞም ገና እናቱ ደረት ላይ ከተለጠፈ ጨቅላ ጋር ይኖራል።

እንኮዬ ስትናገር ቃሉ አፏ ላይ ይያዝባታል። ውሃ ለማለት «ው... ው... ው...» ብላ ትቆያለች። ከጠበቋት ትለዋለች። አባቷ ግን አይጠብቃትም። አንደበቱ የሚወደስ ሽማግሌ ነውና፣ ልጁ ትንተባተባለች ሲባል መስማት አይፈልግም። ያፍርባታል። ስለዚህ አፏን ስትከፍት ቶሎ ብሎ ቃሏን ይነጥቅና ራሱ ይጨርስላታል። «እ... እ...» ስትል «እንቅልፍሽ መጣ? ሂጂ ተኚ» ይላታል። እሷ እርቦኛል ልትል ነበር። ተርባ ትተኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት እንኮዬ ግንዱን አቅፋ ሳለች ዋንዛው ጠራት።

«እንኮዬ።»

«አ... አ... አቤት።»

ዋንዛው ጠበቃት። ዛፍ አይቸኩልም።

«ሆዴን ምስጥ በልቶ ጨርሶታል» አላት። «ቅጠሌን አትዪ፣ ቅጠሌ አረንጓዴ ነው። ውስጤ ግን ዱቄት ሆኗል። መጪውን ክረምት አልሻገርም። ለአባትሽ ንገሪው፤ ቤት ለቃችሁ ውጡ።»

«አ... አንተ ለ... ለምን አ... አትነግረውም?»

«ስንት ጊዜ ጠራሁት። እሱ ሲናገር እኔን አይሰማኝም። ዝም ሲል ደግሞ እንቅልፍ ወስዶታል።»

በዚያን ቀን ከርከሮና ጃርት ሥራ ሥር በሚቆፍሩበት መሬት ተጣልተው መጥተው ነበር። ሁለቱም ከዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል። አያ ጉሬዛም መሐላቸው ተቀምጦ ያዳምጣል። እንኮዬ ከዛፉ ወረደችና ወደ አባቷ ተጠጋች።

«አ... አባዬ፣ ዛ... ዛ... ዛፉ...»

«ዛፉ ላይ ልጫወት ነው? ተጫወቺ፣ ማን ከለከለሽ?» አለና ጭንቅላቷን ዳሰስ አድርጎ ወደ ነገሩ ተመለሰ።

እንኮዬ ተመልሳ ወጣች።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። በማግስቱም ከርከሮ መጣ፣ ጃርትም መጣች። እንኮዬም ወረደች። ጉልበቱ ሥር ቆማ ተራዋን ጠበቀች። ንግግሩ ጋብ ሲል ጀመረች።

«አባዬ፣ ዋ... ዋ... ዋን...»

ጃርት ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። የአያ ጉሬዛ ፊት ጋለ።

«ዋኖስ አይታ ነው» አለ። «ልጅ አይደለች? ወፍ ባየች ቁጥር ካላሳየሁህ ትለኛለች።» ከእንግዶቹ ጋርም አብሮ ሳቀ። በልጁ ሳቀ። እንኮዬ ቀና ብላ የሚስቀውን አባቷን አየችው። ከዚያ ተመልሳ ወጣች።

የእርቁ ቀን ብዙ አውሬ ተሰበሰበ። አያ ጉሬዛ የመጨረሻውን ቃል ሊናገር ተነሣ። እንኮዬ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብበት ነበር፤ ዛፍም ዋንዛም የሚሉት ቃላት እንቢ ስላሏት በሌላ በኩል ልትጀምረው ነው። በሸንጎው መሐል አልፋ ነጭ ጸጉሩን ያዘችው።

«ሆ... ሆ... ሆዱን፣ ም... ም... ም...»

ሸንጎው ሁሉ ዞሮ አያት። አያ ጉሬዛ ጎንበስ አለና፣ ዝቅ ባለ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገራት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ምላስሽ እስኪፈታ ድረስ አፍሽን ዝጊ።»

ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እንኮዬ አፏን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ እቤት ቃል አላወጣችም። ለአባቷም አልተናገረች፣ ለእናቷም አልተናገረች። ዘርፌ አራስ ስለነበረች ከላይኛው ቅርንጫፍ አትወርድም፤ ከታች የሆነውን አልሰማችም። ብቻ የልጇ ዝምታ አላማራትም።

«የልጆቼ አባት፣ ይቺ ልጅ ቃል ካወጣች ሰነበተች። ምን ሆና ነው?» አለችው።

«ምንም አልሆነች። ጨዋ ሆነች» አላት። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ቀሎት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ልቡ አይሰጋም። እንኮዬ ጠዋት ወጥታ ወንዝ ዳር ስትውል፣ የት ዋልሽ ብሎም አልጠየቃት።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደ፣ ነፋስም ተነሣ። ከርከሮና ጃርት መንገድ ላይ ዝናቡ ይዟቸው ከዋንዛው ሥር ተጠልለዋል፤ አያ ጉሬዛም ወርዶ እያጫወታቸው ነበር። ድንገት ዋንዛው አቃሰተ። «ሽሹ» አለ። ሸሹ። ዘርፌ ጨቅላውን በአንድ እጇ አቅፋ ዘለለች፤ በሌላው እጇ የያዘችው ቅርንጫፍ ግን ከዛፉ ጋር ይዟት ወረደ። እጇ ተሰበረ። ጨቅላው ምንም አልሆነ።

ዘርፌ ስለ እጇ አላወራችም። «እንኮዬስ?» አለች።

አያ ጉሬዛ በወደቀው ዛፍ ውስጥ ገባ። ቅርንጫፍ ያነሳል፣ ቅጠል ይበትናል፣ ይጣራል።

«እንኮዬ። እንኮዬ። ድምፅሽን አሰሚኝ።»

የሚመልስ የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። እዚህ ሥር ብትኖርም አትመልስልኝም፣ አለ በልቡ። አፍሽን ዝጊ ያልኳት እኔ ነኝ። በጣሯም ጊዜ ታዛዥ ናት።

ከርከሮ ግንዱን አይቶ ደነገጠ። ውስጡ ባዶ ነው፣ ዱቄት ነው።

«አያ ጉሬዛ፣ ይህ እኮ የቆየ ነው። የነገረዎት የለም?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ አያ ጉሬዛ።

የወደቀው ዋንዛ ገና ትንፋሽ ነበረው። «ተነግሮሃል» አለ። «ሦስቴ ተነግሮሃል። ዛፉ ስትልህ ተጫወቺ አልካት። ዋንዛው ልትልህ ስትጀምር ወፍ ነው ብለህ ሳቅክባት። ሆዱን ምስጥ በላው ልትልህ ስትል አፍሽን ዝጊ አልካት። የላክኋት እኔ ነኝ።»

ይህን ከርከሮ ሰማ። ጃርትም ሰማች፤ ሳቋ ትዝ ብሏት መሬት መሬት አየች። ዘርፌም የተሰበረ እጇን ታቅፋ ሰማች። ባሏን አየችው። አያ ጉሬዛ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«እሺ፣ የት ናት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከእኔ ሥር የለችም። ከፈራችኝ ቆይታለች። ወንዙን ጠይቀው» አለ ዋንዛው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አያ ጉሬዛ ወደ ወንዙ ሮጠ።

«ወንዝ ሆይ፣ ልጄን አይተሃታል?»

«የትኛዋን?»

«እንኮዬን። ያቺን... የምትንተባተበዋን።»

«የምታወራዋን እንኮዬን ነው የማውቀው» አለ ወንዙ። «በየቀኑ ትመጣለች። ቃል ሲይዛት እኔ እፈስሳለሁ፣ ሲለቃት ትቀጥላለች። እኔም ድንጋይ ላይ ስደርስ እንደ እሷው ነኝ፣ ምን አለበት?»

«ምን ታወራለች?»

«አንተ የምታውቀውን ነው። ወንድሟ ጥርስ ማብቀሉን። አንተ በሰው መሐል ስትነሣ ምን ያህል እንደምታምር። ዋንዛው የወደቀ ቀን እናቷን በየት በኩል እንደምታወርድ።»

አያ ጉሬዛ ከዚህ አንዱንም አያውቅም ነበር። ጨቅላው ጥርስ ማብቀሉን ከወንዝ ሰማ።

«ዛሬስ?» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ዛሬ ዝናቡ ሲበረታ እመት ኤሊ ዋሻዋ ውስጥ አስገብታታለች።»

የእመት ኤሊ ዋሻ ወንዙ ከሚታጠፍበት ድንጋይ ሥር ነው። እመት ኤሊ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ እንኮዬ ቁጭ ብላለች። አያ ጉሬዛ ሲያያት ትንፋሹ ተመለሰ። ሊገባ ሲል ኤሊ አንገቷን ዘርግታ አገደችው።

«ቸኩለህ ከሆነ ተመለስ» አለችው።

«አልቸኮልኩም እመት ኤሊ።» ቸኩሎ ነበር።

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ያ እንደ ጋቢ የሚኮራበት ጸጉሩ ጭቃ ጠጣ። ከርከሮና ጃርት ተከትለውት መጥተው ራቅ ብለው ቆመዋል። ሸንጎ ፊት የሚደረድረው ምሳሌ፣ ማር የሚባለው ቃል፣ ሁሉም ጠፋበት።

«ነግረሽኝ ነበር» አለ። «አልሰማሁሽም።»

እንኮዬ አየችው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«እ... እ... እ...»

እንቢ ልትለኝ ነው፣ ብሎ አሰበ። ይገባኛል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ «እንቢ በዪኝ፣ እውነትሽን ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። ኤሊ ዞር ብላ አየችው። አፉን ዘጋ። ዝናቡ ይወርዳል። ልጅቷ ከቃሏ ጋር ትታገላለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ያህል እንደሚያደክማት አይቶ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ጠብቋት አያውቅማ።

«እ... እግ... እግርህ ይ... ይደማል» አለችው።

አያ ጉሬዛ ወደ እግሩ አየ። እውነቷን ነው። ዛፉ ውስጥ ሲፈልጋት ስንጣሪ ወግቶት፣ ደሙ ከጭቃው ጋር ይወርዳል። አላወቀም ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ብትረግመው ይቀለው ነበር።

ወደ ዘርፌ ይዟት ሲመለስ፣ የሆነውን ለማስረዳት ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ተወው» አለችው ዘርፌ። «እሷ ትንገረኝ።»

እንኮዬ ነገረቻት። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ከዋንዛው ጥሪ ጀምራ ነገረቻት። ዝናቡ አባርቶ፣ ወፎች ወጥተው፣ እሷ ገና አልጨረሰችም። አያ ጉሬዛ አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ከእንግዶቹ ጋር የሳቀበት ላይ ስትደርስ ቃሉ ያዛት፤ «አ... አባዬ ሳ... ሳ... ሳ...» እያለች ቆየች። ማንም አልጨረሰላትም። እሱም ራሱ ሳቀብኝ እስክትል ድረስ ጠበቀ።

ዘርፌ አልጮኸችበትም። ግን ለብዙ ጊዜ አላናገረችውም። እጇ ጠምሞ ዳነ። በአንድ እጇ ቅርንጫፍ ስትወጣ ባየ ቁጥር አያ ጉሬዛ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

አዲሱን ቤት እንኮዬ መረጠች፤ ጆሮዋን ከየግንዱ ላይ እያሳረፈች፣ ደህና ነኝ ያላትን ወይራ መረጠች። አያ ጉሬዛም ሽምግልናውን አልተወም። ብቻ ልጁ ስትመጣ ባለጉዳዩን «ታገሡኝ፣ ልጄ እያወራችኝ ነው» ይላል። አንዳንዱ ሰልችቶት ተነሥቶ ይሄዳል። ይሂድ ይላል።

አመል ነውና፣ አንዳንዴ ዛሬም ቃሏን ይነጥቃታል። ያን ጊዜ እንኮዬ ዝም ብላ ታየዋለች። እሱም ያፍርና «ይቅርታ ልጄ፣ እንደገና ጀምሪው» ይላታል። እሷም እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች።

ይህን ያየ የጫካ አውሬ ሁሉ እንዲህ ይላል፦ ልጁ ስትናገር ያልጠበቀ፣ ጉዱን ከጎረቤት ይሰማል።