የአንድ ሰው ስንቅ

በአንድ ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ከወትሮው በርትቶ ሰነበተና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ገብሱ ሊያሸት ሲል ነበር። በረዶው ሲያባራ ባንቴ የሚባል ገበሬ ከማሳው ዳር ሄዶ ቆመ። ሚስቱ ይታይሽ ከኋላው ደርሳ «ምን ተረፈ?» ብትለው፣ «መሬቱ» አለና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባንቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ዘር እንደሚቆጥብ ቃል ይቆጥባል።

ባንቴ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ታላቂቱ ሽታዬ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለማትሰማም አትናገርም። ታናሺቱ አንጓች ግን ለሁለት የሚበቃ ምላስ አላት። ሽታዬ ለትምህርት ስትደርስ አባቷ ወስዶ አስመዘገባት። ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጧት። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ያወራል፤ እሷ የልጆቹን ማጅራት ስታይ ትውላለች። ልጆቹም ከጆሮዋ ሥር እያጨበጨቡ ይስቁባታል። አንድ ቀን ባንቴ በዚያ ሲያልፍ በመስኮት አያት። ከግንድ ላይ የታሰረች ፍየል መሰለችው። ገባና እጇን ይዞ ወደ ቤት መለሳት። አንጓች ለትምህርት እስክትደርስ ድረስም ከቤት አቆያት።

ሁለቱ አብረው አንደኛ ክፍል በገቡበት ጠዋት፣ ባንቴ አንጓችን ደጃፍ ላይ አቁሞ አንድ ነገር ብቻ አላት፦

«ምላስሽ የአንቺ ብቻ አይደለም። የሁለታችሁ ነው።»

አንጓች ይህችን ቃል እንደ ቀንበር ተሸከመቻት። መምህሩ የሚናገረውን ሁሉ በእጇ እየለወጠች ለእህቷ ታቀብላለች። የእጅ ቋንቋ ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ከማሳውና ከጓዳው እየለቀሙ ራሳቸው ሠሩት። ዘር እንደሚበትን ሰው እጅን መወርወር «ጀመረ» ማለት ነው። እጅጌን ማራገፍ፣ የጠመኔ ብናኝ ስለሚበዛበት፣ መምህር ነው። ሽታዬ አንጓችን ስትጠራ የምላሷን ጫፍ በጣቷ ትነካለች። አባታቸውን ሲያነሱ ደግሞ ሁለቱም የተጨበጠ እጃቸውን ከንፈራቸው ላይ ይገጥማሉ። ባንቴ ይህን አንድ ቀን አየ። አልተቆጣም፤ አልሳቀምም። አንጓች የእህቷን ስታቀብል የራሷን እየሳተች፣ ደብተሯ ግማሹ ባዶ ሆኖ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። ይህን ግን ባንቴ አላየም።

ሽታዬም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አንድ ጊዜ በዓይኗ የገባ ነገር አይወጣም። መጽሐፉን ጠርዙ እስኪበላ ታነበዋለች። አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ሒሳብ ለአንጓች የምታስረዳት እሷ ሆነች፤ ጠጠር ደርድራ፣ ስትሳሳት ጉልበቷን በጥፊ እየመታች።

አምስተኛ ክፍል ላይ ምንይችል የሚባል መምህር መጣ። በመጣ በሳምንቱ ሽታዬን ከግድግዳው አስነስቶ ከፊት አስቀመጣት። ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ ማስተማር ጀመረ፤ አንጓችንም ከሰሌዳው አጠገብ አቁሞ በእጇ እንድትናገር ፈቀደላት። ባልደረቦቹ «ምንይችል፣ አዝማሪ ቀጠርክ እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። እሱ ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ፈታኞቹን ለምኖ፣ አንጓች ከእህቷ ጎን ተቀምጣ መመሪያውን እንድታስረዳት አስፈቀደ። አንጓች አስረዳች። አስረድታ ወደ ራሷ ወረቀት ስትመለስ ብዙም ሳትሠራ ደወሉ ተደወለ።

ውጤቱ ሲመጣ ሽታዬ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች። አንጓች ለጥቂት አለፈች። ቤቱ ደስታውን ሳይጠግብ በረዶው ወረደ። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው፤ ከጎተራው ደግሞ ቤቱን ከመገበ በኋላ ለአንድ ሰው ስንቅ የሚሆን ብቻ ይተርፋል።

መምህር ምንይችል ይህን ሰምቶ መጣ።

«ጋሽ ባንቴ፣ ሽታዬን ይላኩ። ከተማ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ክፍል ተከፍቷል፤ መምህሯ በእጅ ነው የምታስተምረው። እዚህ ከቀረች ያ ሁሉ ጭንቅላት አረም ሲነቅል ሊኖር ነው።»

«አንጓችስ?» አለ ባንቴ።

«አንጓች አፍ አላት፤ ከርሞ ትደርሳለች።»

ይታይሽ ከጓዳ ሆና ሰማችው። «አፍ ስላላት ነው ስምንት ዓመት አፏን የተበላችው? ከርሞ የት ያገኟታል፣ መምህር? ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥቶባታል። ከርሞ የሰው ሚስት ናት።»

«ለሽታዬ ደግሞ ሽማግሌ የሚልክ የለም፣ እትዬ። ትምህርቱን ካጣች ምን አላት?»

ይታይሽ «እኔ ሁለቱንም ነው የወለድኩት» አለችና በነጠላዋ አፏን ያዘች።

አንጓች በር ላይ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ እሷ ትሂድ» አለች። «እጅ የሚያውቅ ሰው ካገኘች እኔ ምን እሠራላታለሁ?» እየሳቀች ነው የተናገረችው። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሄደች፤ ለእራት ስትጠራም አልበላም አለች።

ሽታዬ የሰዎቹን ፊት አይታ ነገሩ ገብቷታል። አባቷ ፊት መጥታ የምላሷን ጫፍ ነካች፤ ወደ ከተማው መንገድ አመለከተች። ከዚያ ደረቷን ነክታ ወደ ማሳው አመለከተች። አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

በዚያ አገር ወንድማማች መሬት ሲካፈል ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ አንዳች ነገር ያመጣል፤ ማን ምን እንዳመጣ ያላየ መንገደኛ ያወጣዋል። ባንቴ መምረጥ ቢያቅተው ልጆቹን እንደ መሬት ሊያካፍል አሰበ፤ ዕጣ የወጣላት ትሄዳለች። አንጓች ጠጠር ሰጠችው። ሽታዬ በረዶ የሰበረውን የገብስ ዛላ ሰጠችው። በጋቢው ጫፍ ቋጠራቸውና የጠፋ አህያ የሚፈልግ አንድ ሰው ሲያልፍ አስቆመው።

«አህያዬን አላያችሁም?»

«አላየንም። አንድ አውጣልን።»

ሰውየው እጁን ሰደደ። ጠጠሩ ወጣ።

«ጠጠሩ የሽታዬ ነው!» አለች አንጓች፣ አፍታም ሳትቆይ። ሽታዬ ጠጠሩን አይታ የምላሷን ጫፍ ነካች፤ የእሷ ነው፣ የአንጓች ነው። አንጓች እጇን ይዛ ልታወርደው ታገለቻት። ሽታዬ እንቢ አለች።

መንገደኛው አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ አየ። «‹ድርሻዬ ነው› ብሎ የሚጣላ ብዙ አይቻለሁ፤ ‹ድርሻዬ አይደለም› ብሎ የሚጣላ ዛሬ አየሁ» አለና አህያውን ፍለጋ ሄደ። ጠጠሩ የማን እንደሆነ ባንቴ ያውቃል። ግን ጠጠሩን ከዛላው ጋር መልሶ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠረው።

ትምህርት የሚከፈትበት ሳምንት ሲደርስ ባንቴ ወሰነ። አንድ ስልቻ በሶ፣ አንድ ብርድ ልብስ አዘጋጅቶ በማለዳ ፊት ፊት ሄደ፤ ሁለቱ ልጆቹ ተከተሉት። መኪና መንገዱ ላይ ሲደርሱ ስልቻውን አስቀመጠ። ከዚያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያየው ኖሮ አንድም ቀን ያልሞከረውን አደረገ። በዚያ ሻካራ እጁ የምላሱን ጫፍ ነካ፤ እጁን ወስዶም የአንጓች ደረት ላይ አሳረፈ። ምላስሽ የአንቺ ነው ማለቱ ነበር። በአፉ አልተናገረውም፤ ሽታዬም እንድትሰማው ነው። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም አለቀሱ።

መኪናው መጣ፤ በሩም ተከፈተ። ባንቴ ጎንበስ ብሎ ስልቻውን አነሳ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዷ ጭንቅላቷን ይዛ ዝም ካለ ማሳ ልትቀር ነው። ሌላዋ ስምንት ዓመት አበድራ፣ ዕጣ ወጥቶላት፣ ዕጣዋን የካደች ናት። እናንተ ባንቴን ብትሆኑ፣ ስልቻውን በማን ትከሻ ላይ ታደርጉት ነበር?