አቶ ቢያድግልኝ ቤታቸው እንዲገቡ

ስሙኝማ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ትንሽ ፍላጎት ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ አቶ ቢያድግልኝ ቤታቸው መግባት ፈለጉ።

የልባቸው ደም ሥር ጠቦ፣ ዶክተር ናርዶስ በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታ፣ ስቴንት የሚሉትን የሽቦ መረብ አስቀምጣላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረታቸው ቀለለ። «እንግዲህ በራሴ አልጋ ልተኛ» አሉ።

ዶክተሯ ግን ግንባራቸውን ነካች። «አባባ፣ ትኩሳት አለዎት። ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር አለ። ስቴንት ከገባ በኋላ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እስካሁን ግን መውረድ መጀመር ነበረበት። ቁጥሩን ሳላይ አልሸኝዎትም።»

ቁጥሩ ካልታወቀ ዶክተሯ አትሸኝም፤ ዶክተሯ ካልሸኘች አቶ ቢያድግልኝ ቤታቸው አይገቡም።

«ቁጥሩን እኔ አመጣዋለሁ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት። ነጠላቸውን አጣፍተው ላቦራቶሪ ወረዱ።

«ደሙ ደርሶናል» አለ የላቦራቶሪው ባለሙያ። «የመመርመሪያው ፈሳሽ ግን አልቋል። ዕቃ ግምጃ ቤት ይጠይቁ።»

ፈሳሹ ካልመጣ ማሽኑ አያነብም፤ ማሽኑ ካላነበበ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ዶክተሯ አትሸኝም፤ ዶክተሯ ካልሸኘች አቶ ቢያድግልኝ ቤታቸው አይገቡም።

ግምጃ ቤት ሄዱ። ግምጃ ቤት ጠባቂው መደርደሪያውን አሳያቸው። «ይኸው አለ። ያለ ኃላፊዋ ፊርማ ግን አላወጣም። ባለፈው አውጥቼ ተቀጥቻለሁ።» ቅጹን ሞልቶ ሰጣቸው። ኃላፊዋ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ሙላት ቆሟል። «መጥሪያ የሌለው አይገባም፣ እናቴ። በሩንም ጥዬ አልሄድም።»

ዘበኛው ካልገባ ኃላፊዋ አይፈርሙም፤ ኃላፊዋ ካልፈረሙ ፈሳሹ አይመጣም፤ ፈሳሹ ካልመጣ ማሽኑ አያነብም፤ ማሽኑ ካላነበበ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ዶክተሯ አትሸኝም፤ ዶክተሯ ካልሸኘች አቶ ቢያድግልኝ ቤታቸው አይገቡም።

ወይዘሮ አሰገደች ጉልበታቸው ቢያማቸውም አልተቀመጡም። «ደንብህን አላስጥስህም» አሉት። «እኔ አልገባም፤ አንተ ግባ።»

«በሩንስ ማን ይጠብቃል?»

«እኔ። ሠላሳ ዓመት የፈተና ክፍል በር ጠብቄያለሁ።»

ዘበኛው እሳቸውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ተቀበላቸው። ወዲያው ከረባት ያሰረ ሰው ከች አለ። «መጥሪያ?» አሉት ወይዘሮ አሰገደች። አልያዘም ነበርና ቆመ።

ዘበኛው ገባ፣ ኃላፊዋ ፈረሙ፣ ፈሳሹ መጣ፣ ማሽኑ አነበበ፣ ቁጥሩ ታወቀ። ዶክተሯ ግን አልሸኘችም።

ቁጥሩ በመውረድ ፈንታ ስቴንቱ በገባ ማግስት ከነበረው አራት እጥፍ ሆኗል። ብሽሽታቸውን በአልትራሳውንድ ስታይ፣ ቱቦው በገባበት ቦታ ከቆዳው ሥር መግል ቋጥሯል። «ዛሬ ቤትዎ ገብተው ቢሆን ኖሮ ወደ ደምዎ ሊዛመት ይችል ነበር» አለቻቸው። መግሉ ወጣ፤ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጣቸው።

አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «መቼ ነው ታዲያ የምገባው?»

«ቁጥሩ ሲወርድ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «እስኪወርድ እኔም ከዚህ አልነቃነቅም።» እጃቸውን ያዙ።

ሁለት ቀን ቁጥሩ አልነቃነቅም አለ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ወረደ። በስምንተኛው ጠዋት ፈሳሹ ነበረ፣ ማሽኑ አነበበ፣ ቁጥሩ ደህና ሆነ፣ ዶክተሯ ሸኘች፣ አቶ ቢያድግልኝም ቤታቸው ገቡ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጋደም አሉ። ወይዘሮ አሰገደች ሁለተኛውን ጫማ ሳያወልቁላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው።