ጅቡን «እርስዎ» ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ አራቱም እግሮቹ እኩል በነበሩበት ዘመን፣ ጉርጉር በሚባል ወንዝ ዳር አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ከወንዙ ጎን ያለው ረግረግ ስፋቱ ጉድ ነው፤ በዚህ ዳር የገባች እንቁራሪት በዚያኛው ዳር ስትወጣ የልጅ ልጅ አይታ ነው። አህያዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ረግረግ ቄጠማ ስታመላልስ ስለኖረች፣ የቱ ጋ እንደሚረገጥ፣ የቱ ጋ እንደሚሰመጥ ዐይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጭነቷን አራግፋ ውሃ ስትጠጣ፣ ጅብና ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆነው አዩዋት። የጅቡ ለሃጭ ወንዙን ሊያስሞላው ደረሰ።

«አሁኑኑ ልብላት!»

«ቀስ በል አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ። «ቄጠማ አጫጆቹ እዚህ ታች ናቸው፤ ጩኸቷን ከሰሙ በማጭድ ይቀበሉሃል። ነፋስ እንቀበል በላትና ራቅ አድርገህ ውሰዳት። ጉበቷ ግን የእኔ ነው።»

ጅቡ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። «እመት አህያ፣ ቀኑ እንዴት ያምራል! በወንዙ ዳር ነፋስ እየተቀበልን ብንንሸራሸርስ?»

አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። ጅብ አህያን በደግ የሚያናግረው መወፈሯን ሊያጣራ ነው። ሮጣ አታመልጠው፤ ብታናፋም አጫጆቹ እስኪደርሱ ጉሮሮዋ አይቆይላትም።

«ደስ ይለኛል» አለች። «ግን በረግረጉ ዳር ዳር ካልሆነ አልሄድም፤ ሰኮናዬ ደርቋል።»

መንገድ ጀመሩ። አህያዋ ከፊት፣ ጅቡ ዳሌዋን እየመዘነ ከኋላዋ፣ ቀበሮ ጭራው እንዳይርስበት ወደ ላይ ሰቅሎ ከሁሉም ኋላ። አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ለምለም ሣር ላይ ሲደርሱ አህያዋ ገለል ብላ ቆመች። አንገቷንም ሰበር አደረገች።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

ጅቡ ማን መጣ ብሎ ዞሮ አየ። ከተወለደ ጀምሮ «እርስዎ» ያለው ፍጡር የለማ!

«ማንን ነው?»

«እርስዎን ነዋ! ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ ልቅደም? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እስቲ ድገሚው።»

«እርስዎ ይቅደሙ፣ በሞቴ!»

«ሞትሽንማ ለእኔ…» አለና ምላሱን ነከሰ።

ነገሩ ቀበሮን ሸተተው። «አያ ጅቦ፣ ተው! ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ…»

«እሱ ለበሬ የተባለ ነው! እኔ በሬ ነኝ? ለመሆኑ አንተ አንድ ቀን እርስዎ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ጅቡ ደረቱን ነፋ፤ አንገቱን እንደ ደጃዝማች አቀና፤ ዘሎም ገባ። ቧ! የተፈናጠረው ጭቃ ከሰማይ ሦስት ዳክዬ አወረደ። ጅቡም እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ሆዱ፣ እስከ አንገቱ ሰመጠ።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ ጎትተህ አውጣኝ!»

ቀበሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «በወደድኩ ነበር፤ ግን ጌታን በጆሮ መጎተት ከእኔ አይጠበቅም። እርስዎ ይበርቱ!» ብሎ ተፈተለከ።

«እመት አህያ፣ እባክሽ ጭራሽን አቀብዪኝ!»

«ጭራዬን ብሰጥዎ ዳሌዬን ይመኛሉ፤ አላውቅዎትምና ነው?»

«እርስዎ አትበይኝ! አንተ በይኝ! ኧረ ከፈለግሽ አንቺም በይኝ፤ ብቻ አውጪኝ!»

«አይሆንም፤ ክብርዎን አልነካም» አለችና ዞራ ወደ ቄጠማዋ ሄደች።

ጅቡ ረግረጉ እስኪደርቅ ሰባት ወር እዚያው ቆየ። እንቁራሪቶች ራሱ ላይ ተቀምጠው፣ ሌሊትና ቀን «እርስዎ! እርስዎ!» እያሉ ሲዘፍኑበት ከረሙ። በመጨረሻ ታግሎ ሲወጣ፣ የኋላ እግሮቹን እኩሌታ ጭቃው አስቀረበት። ጅብ እስከ ዛሬ ከኋላው ዝቅ ያለው ለዚህ ነው፤ ያላመነ ሄዶ ራሱን ጅቡን ይጠይቅ፤ ብቻ «አንተ» ብሎ ይጥራው።

ከዚህ የምንማረው፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ስንባል አንገታችንን ከማቅናታችን በፊት እግራችን የሚያርፍበትን ማየት እንዳለብን ነው።