«ዝንጀሮ» የተባለው መንጋጋ

አድማሱ፣ «ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ወንድሜን ይቅርታ ብጠይቀው ምን ይጠቅማል?» አልከኝ። እንግዲያው ስማ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የጥንት ሰዎችን አጥንት መመርመር ነው። በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ፣ በደረቀ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ይከርም ነበር። መንገድ የሚመራው አንድ የአገሩ ግመል አርቢ ነው። በአንድ ግራር ጥላ ያርፋሉ፣ ከአንድ ዕቃ ወተት ይጠጣሉ። የአርቢው ዓይን ስል ነው፤ ከጠጠር መካከል አጥንት ለይቶ ያነሣል።

አንድ ቀን አርቢው ቁራጭ መንጋጋ አምጥቶ፣ «ይህ የሰው ነው» አለው። ሊቁ በባልደረቦቹ ፊት ሳቀበት።

«ሰውና ዝንጀሮ መለየትን ደግሞ ከግመል ጠባቂ ልማር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አልተመለሰም። ቁራጩ በሊቁ እጅ «ዝንጀሮ» ተብሎ ተጽፎበት ሳጥን ገባ። በማግስቱ አርቢው ወደ ድንኳኑ አልመጣም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊቁ ራሱ በዚያው ወንዝ ዳር የሰው አጥንት አገኘ። በዚያ ስፍራ የሰው አጥንት በማግኘት «የመጀመሪያው» ተባለ፤ ስሙ ገነነ። ትልልቅ ግብዣ ላይ ተቀምጦ ግን ያ የግራር ጥላና ያ ወተት ትዝ ይለው ነበር። እንደዚያ የጣፈጠው ነገር ከዚያ ወዲህ አላገኘም።

ጡረታ ሊወጣ ዕቃ ቤቱን ሲያስረክብ፣ ተማሪዎቹ ከወንዙ ዳር ያመጡትን ግማሽ የሰው መንጋጋ አሳዩት። ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ እጁ አስታወሰ። ብቻውን ሲቀር «ዝንጀሮ» የተባለው ቁራጭ ያለበትን ሳጥን ከፍቶ ሁለቱን አገጣጠማቸው። ልክክ አሉ።

ያየው የለም። ሳጥኑን ቢዘጋው «የመጀመሪያው» እንደተባለ ይቀር ነበር። ብዙ ተቀመጠ፤ አለቀሰም። ከዚያ የገዛ እጁን ጽሑፍ በውሃ አርሶ በቢላዋ ፋቀው። «ሰው» ብሎ ጻፈና ከሥሩ የአርቢውን ስም አኖረ።

የመንጋጋውን የጄሶ ቅጂ ይዞ ቆላ ወረደ። አርቢው አርጅቶ እዚያው ግራር ሥር ተቀምጧል። «ልክ የነበርከው አንተ ነህ፤ በድዬሃለሁ» አለው።

አርቢው ቅጂውን አገላብጦ አስቀመጠው። «አጥንቱንማ ያኔም አውቄዋለሁ። የጠፋኸብኝ አንተ ነህ» አለና ወተት አስመጣለት።

አየህ አድማሱ፣ አንተም ወንድምህ ላይ በጉርምስናህ «ከሃዲ» ብለህ ጽፈህበታል። የእጅህ ጽሑፍ ነውና ከአንተ በቀር የሚፍቀው የለም። አጥንት ሺህ ዘመን ይጠብቃል፤ ወንድም ግን አይጠብቅም። ፀሐይ ሳይበረታ ተነሥና መንገድህን ያዝ።