የእትዬ ሉባባ ትኬትና ያልተለቀቀው መስመር

ማተሚያውን በጥፊ እያልኩት ነው። ና፣ ጠጋ በል፤ የገባኸው መሃሉ ላይ ነው። ሰዓቱ ገና ንጋት ነው፤ ቦታው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነው፣ ትኬት የምቆርጥባት ጠባብ ክፍል። በመስኮቱ በኩል የቆሙት እትዬ ሉባባ ናቸው። ልጃቸው ሀያት ዛሬ ማታ ወደ ቤሩት ትበራለች። እሳቸው የፈለጉት አንዲት ትኬት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሰው ልጅቷን አንዴ አቅፈው ሊሸኙ። ያለ አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም ትኬት ደግሞ ሰው አይሳፈርም፣ መኪናም ከበር አይወጣም።

ማተሚያውን «ትኬቷን አውጣ፣ እናት ልጇ ጋ ትድረስ» አልኩት።

«ስልኩ ሳያዘኝ አላወጣም» አለ።

ትኬት የምመዘግብበትን ስልክ «ማተሚያውን እዘዘው፣ ማተሚያው ትኬቷን ያውጣ፣ እናት ልጇ ጋ ትድረስ» አልኩት።

«ሰርቨሩ ሳይመልስልኝ አላዝም» አለ፣ ያቺን የምትሽከረከር ክብ እያሳየኝ።

ሰርቨሩ፣ ዋናው ኮምፒውተር፣ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ በጥፊ አይደረስበትም። ለመንኩት። «ለስልኩ መልስ፣ ስልኩ ማተሚያውን ይዘዝ፣ ማተሚያው ትኬቷን ያውጣ፣ እናት ልጇ ጋ ትድረስ።»

«ወንበሮቹ ከተመዘገቡበት የሚያደርሰኝ መስመር የለም፤ ሁሉም ተይዟል» አለ።

መስመሮቹን «ነጻ ሁኑ፣ ሰርቨሩ ለስልኩ ይመልስ፣ ስልኩ ማተሚያውን ይዘዝ፣ ማተሚያው ትኬቷን ያውጣ፣ እናት ልጇ ጋ ትድረስ» አልኳቸው።

«ኮዱ ይዞናል፤ ሳይለቀን ወዴት እንሄዳለን» አሉ።

ሲስተሙን የሚነዳውን ኮድ «መስመሮቹን ልቀቅ፣ መስመሮቹ ሰርቨሩን ያሳልፉ፣ ሰርቨሩ ለስልኩ ይመልስ፣ ስልኩ ማተሚያውን ይዘዝ፣ ማተሚያው ትኬቷን ያውጣ፣ እናት ልጇ ጋ ትድረስ» አልኩት።

«የተጀመረ ሽያጭ ሳያልቅ አለቅም። የጻፈኝ ሰው እንደዚያ ነው ያለኝ» አለ።

የተጀመረ ሽያጭ ደግሞ መናኸሪያው ሙሉ ነው። የኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ ሰልፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፣ ድንጋዩም እንደ ሰው ይቆጠርለታል። ሲስተሙ ሲመጣ እኛ ትኬት ቆራጮች ያንኑ ስልክ ላይ ወሰድነው። ደንበኛው «መጣሁ፣ ያዝልኝ» ይላል፤ ሽያጩን እንከፍትና ስሙን ጽፈን እንተወዋለን። ሰውየው ሳይመለስ ይቀራል። ድንጋዩ እዚያው ቁጭ። መስመሩም እንደተያዘ።

ኮዱን የጻፈው በፍርዱ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከሱ ጋር ኳስ ስንጫወት ነው ያደግነው። ደወልኩለት፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ለካ ሹፌሩም ረዳቱም ትኬት ቆራጩም ሊሰድበው በየተራ ስልኩ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ስገባለት ፀሐይዋ ወጥታ በደንብ ታቃጥል ነበር። የመስመሩን፣ የሰርቨሩን፣ የስልኩን፣ የማተሚያውንና የእናቲቱን ነገር ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት። 

«የከፈትኩትን መስመር የምዘጋው ሽያጩ ሲያልቅ ነው» አለ። «ሳያልቅ የሚቀረውን አላሰብኩትም።»

«እዚህ አድገህ ድንጋይ ረሳህ?» አልኩት። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩ።

ቁጭ ብሎ ኮዱን አስተካከለ። «ቢሸጥም ባይሸጥም፣ ነገሩ መሃል ላይ ቢበላሽም፣ የከፈትከውን ዝጋ» አለው። ኮዱ መስመሮቹን ለቀቀ፣ መስመሮቹ ሰርቨሩን አሳለፉ፣ ሰርቨሩ ለስልኩ መለሰ፣ ስልኩ ማተሚያውን አዘዘ፣ ማተሚያውም እንደ ደህና ልጅ ትር ብሎ ትኬቷን አወጣ።

ቀኑ ግን ተጋምሷል። መኪናው አሁን ቢነሳ አዲስ አበባ የሚገባው ልጅቷ ከበረረች በኋላ ነው። ይህን እያወቅኩ ትኬቷን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምን ልስጣቸው?

ያን ጊዜ ስልካቸው ጠራ። ሀያት ናት። የት ደረስሽ አለቻቸው መሰለኝ፤ እሳቸው ገና እዚሁ መሆናቸውን አልነገሯትም። አንገቷን ከብርድ እንድትሸፍን ነገሯት፣ እንደደረሰች እንድትደውል ነገሯት፣ ከዚያ አዳመጧት። እሷ እስክትዘጋ ድረስ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም።

ትኬቷን መልሰው መስኮቱ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ ሞኙ፣ አውሮፕላን እኮ ይዘገያል፣ ወንበሩን ትንሽ ላቆይልዎት አልኳቸው። ዞር ብለው ሰልፉን አዩ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

«ተው ልጄ፣ ልቀቀው» አሉኝ። «እሷም የምትደርስበት ይኖራታል።»