እንከኑን የተናገሩት ሽማግሌ

አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች፤ ጥሩሰው ትባላለች። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ደብሪቱ። ደብሪቱን አጥናፉ የሚባል የመንደሩ ወጣት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። እንደ ወጉም ሽማግሌ ላከ።

ጥሩሰው ልጁን ታውቀዋለች። ባሏ የታመመ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረው እሱ ነው። ያን ስታስብ ልቧ ይሞቃል። ደግሞ አንድ ቀን ገበያ መሐል፣ ወንድሙ ይቅርታ እያለው እሱ ጀርባውን ሰጥቶት ሲሄድ በዓይኗ አይታለች። ያን ስታስብ ትፈራለች። ምስር እየለቀመች «ልስጠው» ትላለች፤ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ «ኧረ ይቅርብኝ» ትላለች። ከምስሩ ጠጠሩን ለይታ ትጥላለች፤ ልቧን መለየት ግን አቃታት። ጸሎቷም «ጌታ ሆይ፣ ወይ ፈጽመህ አስወድደኝ፣ ወይ ቁርጡን አስጠላኝ» ሆነ። አንዱም አልሆነላትም። የልቧ መከፈል እግዚአብሔር ላለመፍቀዱ ምልክት መሰላት።

ሽማግሌዎቹ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ቃል ሳያገኙ አይቀመጡም። ልጁን አወደሱት። ሲቆጣስ እንዴት ነው ብላ ብትጠይቅ፣ እሱ ቁጣ የሚባል አልፈጠረበትም አሏት። የገበያው ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለባትና ዘመድ ላማክር ብላ ሸኘቻቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ውዳሴውን ጨመሩበት፤ እነሱ በጨመሩ ቁጥር የእሷም ጥርጣሬ ጨመረ። ጎረቤቷ «አንቺ ሴትዮ፣ ለልጅሽ ከሰማይ መልአክ ይውረድላት?» እያለች አሾፈችባት። ደብሪቱ አልተከራከረችም፤ ማዕድ ላይ ግን የምትጎርሰው እያነሰ መጣ።

ሦስተኛው ጊዜ የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መመላለስ ነውር ነው። በዚያን ቀን የልጁ አጎት፣ አያ ደምለው የሚባሉ አዛውንት፣ አብረው መጡ። ጥሩሰው ያንኑ ጥያቄ ደገመች። ሌሎቹ ሊመልሱ ሲሉ አያ ደምለው ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸው።

«ያኮርፋል» አሉ። «ካኮረፈ ሳምንት አይናገርም። እኔንም አኩርፎኝ ያውቃል። ግን አኩርፎም ቢሆን እንጨቴን ፈልጦልኝ ነው የሚሄደው። ልልሽ የምችለው ይህን ነው፣ እኅቴ። እኔም ስመጣ ልቤ ሁለት ሆኖ ነው የመጣሁት፤ ለእሱ ደስ ይለኛል፣ ለልጅሽ እሰጋለሁ።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ነገሩ ተበላሸ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ጥሩሰው ግን ስንት ጊዜ ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ልጁን ከማንም አብልጠው የሚያውቁት ሰው ልባቸው ሁለት ከሆነ፣ የእሷ መከፈልም የእግዚአብሔር እምቢታ አይደለም ማለት ነው። ወደ ጓዳ ዞር አለች።

«ሰማሽ፣ ደብሪቱ?»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። እሱም የእኔን ምላስ ያውቀዋል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» አለች ጥሩሰው። «እግራችሁም ዛለ።»

ፍርሃቷ ያን ቀን አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ፣ ፍርሃቷም ከደስታዋ አጠገብ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አላስጨነቃትም።

ብዙዎቻችን ልባችን አንድ እስኪሆን እንጠብቃለን። የሚወዱትን ሰው መፍራትም፣ እያለቀሱ መመረቅም ያለ ነው፤ አለማመን አይደለም። እግዚአብሔር የጥሩሰውን ጸሎት አልናቀም፤ ልቧን አንድ በማድረግ ፈንታ እውነቱን ሳይሸራርፍ የሚነግራት ሰው ላከላት እንጂ።

እናንተስ፣ ልባችሁ ስለተከፈለ ብቻ እስከ ዛሬ በር ላይ ያቆማችሁት መልካም ነገር የለም?