የተሰበረችው መስመር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ዘርይሁን።

ይህን ያሉት ሚልኪያስ ጥያቄውን ጨርሶ ካቀረቀረ በኋላ ነው። ሚልኪያስ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። በሒሳብ የመመረቂያ ጥናቱ ተሸልሞ፣ በዚያው ጥናት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ሊቀጠር ተቃርቦ ሳለ፣ ጥናቱ ውስጥ ራሱ ስህተት አገኘ። «ከእኔ በቀር ያየው የለም፤ ፈታኞቹም አላዩትም» አላቸው። «ዝም ብል ማን ይጎዳል?»

መምህሩ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ወዲያው አልነገሩትም። እንዲህ ብለው ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጨዋታው ከቁጥር ጋር ነው። እኩዮቹ ጠጠር ሲወራወሩ እሱ ጠጠሮቹን በረድፍ ደርድሮ፣ አንዱ ክምር ለምን እኩል እንደሚከፈል፣ ሌላው ለምን እምቢ እንደሚል ሲያስብ ይውላል። እናቱ ደንግጣ ጠበል ወሰደችው። ሲመለስ በመንገዱ ሁሉ የዛፎቹን ጥላ እየለካ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ተወችው።

አደገ፤ ተማረ፤ አስተማሪዎቹን አለፈ። በዚያ አገር ስለ ቁጥሮች የተነሣ አንድ የቆየ ጥያቄ ነበር። ሕፃን እንኳ ሊጠይቀው ይችላል፤ የመለሰው ሰው ግን አልተገኘም። ብዙዎች አርጅተውበታል። ይህ ሰው ከረጅም ድካም በኋላ «መለስኩት» አለና ማረጋገጫውን ጻፈ። ዐዋቂዎች አነበቡት፤ «እውነት ነው» አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁሉ ‹ሊቁ› ይለው ጀመር። ገዥው ቤት ሰጠው። ደቀ መዛሙርት ከበቡት፤ እነሱም በተራቸው በእሱ መልስ ላይ የራሳቸውን መልስ እየደረደሩ ሹመት አገኙ።

ሊቁ ካረጀ በኋላ ከሩቅ አውራጃ አንዲት መምህርት መጣች። በዋናው ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታጠና የነበረች ናት። የሠራችው ሥራ ከሊቁ መልስ ጋር ስለ ተጋጨ ደቀ መዛሙርቱ ሳያነቡት ሳቁባትና አባረሯት። እሷም በትንሽ ከተማ ልጆች እያስተማረች ሥራዋን ደጋግማ መረመረች። ስህተት አጣችበት። በመጨረሻ የሊቁን ማረጋገጫ መመርመር ጀመረች።

ሊቁ ደጅ ስትደርስ ታላቁ ደቀ መዝሙር በሩ ላይ ቆሟል። «አባባ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ሰው አያነጋግሩም» አላት።

«እንግዲያው ከዚሁ ሆኜ እናገራለሁ» አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ማረጋገጫዎ ቀዳዳ አለበት!»

ሊቁ ከውስጥ ሰማና «አስገቧት» አለ። ከሰሌዳ ፊት ቆመው መስመር በመስመር ሄዱ። አንዲት መስመር ላይ ሲደርሱ አስቆመችው።

«እዚህ ላይ ‹ይህ ግልጽ ነው› ብለው አልፈዋል። ለእኔ ግልጽ አይደለም፤ ያስረዱኝ።»

ሊቁ ጠመኔውን አነሣ። ጻፈ፤ አጠፋ፤ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ጠመኔውን ወረወረና «ውጪ ከቤቴ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም ወጣች። ከከተማው ግን አልወጣችም።

ልብ በል ሚልኪያስ፣ ይህ ሰው መልአክ አልነበረም። ያን ክረምት ሙሉ ቀዳዳውን ሊደፍን ታገለ። በአንድ በኩል ሲደፍነው በሌላ በኩል ይከፈታል። በስተመጨረሻ እንደማይደፈን ገባውና አለቀሰ። ለስሙ ማልቀሱ አይቀርም፤ ያንገበገበው ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ ሴት የተባረረችው በእሱ ስህተት ነው። ከእሷ በፊትስ ስንቱ ትክክለኛውን መንገድ ይዞ ሳለ፣ ከሊቁ ጋር ሲጋጭ ጊዜ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብሎ ትቶት ሄዶ ይሆን?

በዚያው ወራት ገዥው አዲስ ትምህርት ቤት አሠርቶ ነበር። በበሩ ላይ በትልቅ ድንጋይ የሊቁ ማረጋገጫ ከነስሙ ተቀርጿል። ምረቃው ሲቃረብ ሊቁ ታላቁን ደቀ መዝሙር ጠርቶ እውነቱን ነገረው።

ደቀ መዝሙሩ እግሩ ላይ ወደቀ። «አባባ፣ በእግዚአብሔር! የሁላችንም ኑሮ በዚህ ላይ ነው የቆመው። በዓሉ ይለፍ። እርስዎ በክብርዎ ይረፉ፤ ከእርስዎ በኋላ እኛው ቀስ ብለን እናርመዋለን።»

«ከእኔ በኋላማ ድንጋዩን ታጥኑታላችሁ እንጂ አታርሙትም» አለው ሊቁ።

የምረቃው ቀን ገዥው መጣ፤ ሕዝቡም ተሰበሰበ። መጋረጃው ተገልጦ ድንጋዩ ሲታይ እልልታው ቀለጠ። ሊቁ እንዲናገር ተጋበዘ። እሱ ግን ድንጋይ ጠራቢው ወደ ቆመበት ሄደና መዶሻና መሮውን ከእጁ ወሰደ። ሰዉ የበዓሉ ሥርዓት መስሎት አጨበጨበ። ሊቁ ያቺን ‹ይህ ግልጽ ነው› የምትለውን መስመር ፈልጎ መሮውን ደገነባትና መታት። ደግሞ መታት። ፍንጣሪው ገዥው ካባ ላይ አረፈ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ገዥው።

«ስህተቴን እየሰበርኩ ነው። ይህች መስመር ሐሰት ናት፤ የጻፍኳትም እኔ ነኝ።»

«አርጅተዋል! አእምሯቸው ደክሟል!» ሲል ጮኸ ታላቁ ደቀ መዝሙር። ወታደሮች የሊቁን እጅ ያዙ።

ሊቁ እጁ እንደ ተያዘ ቀና አለ። «አእምሮዬን ተዉትና ሒሳቡን መርምሩት! ይህችን መስመር የሚያስረዳኝ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ይውጣ። ካስረዳኝ በእርግጥ አብጃለሁ፤ እሰሩኝ።»

በእሱ መልስ የተሾሙት ሁሉ እዚያው ነበሩ። አንድም ሰው አልወጣም።

«የማትወጡት ስለማታውቁ ነው» አለ ሊቁ። ከሕዝቡ መካከል የቆመችውን መምህርት በአገጩ አሳየ። «የምታውቀው እሷ ናት። እናንተ ከትምህርት ቤት አባረራችኋት፤ እኔ ከቤቴ አስወጣኋት። ትክክል የነበረችው እሷ ናት!»

ገዥው ይቅር አላለውም። ቤቱን ተቀማ፤ ስሙም ከበሩ ተፋቀ። ደቀ መዛሙርቱ ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። እሱ ግን ወደ መምህርቷ ከተማ ሄደ። አንዲት ክፍል ተከራየና ከእሷ ጋር ጥያቄውን ከሥሩ ጀመረው።

አንድ ቀን «አይቆጭዎትም?» ብላ ጠየቀችው።

«ይቆጨኛል እንጂ!» አለ። «ያን ክረምት ያባከንኩት ይቆጨኛል። በዚያች ባስወጣሁሽ ቀን ጀምረን ቢሆን ኖሮ የት በደረስን!»

ሊቁ ጥያቄውን ሳይመልሰው ሞተ። መምህርቷም እስካሁን አልመለሰችውም። ነገር ግን ወሬውን የሰሙ ወጣቶች ከየአገሩ እየመጡ ይሞክሩታል። ተዘግቶ የኖረው ጥያቄ እንደገና ጥያቄ ሆኗላ።

መምህር ዘርይሁን ይህን ተናግረው ወደ ሚልኪያስ ዞሩ።

«ማን ይጎዳል አልከኝ። የሚጎዳው ገና ያልመጣ ሰው ነው። ያንተን ጥናት አምኖ ይነሣል። ከዚያ እውነቱን በእጁ ይዞ ሳለ፣ ከአንተ ጋር ስለ ተጋጨ ብቻ ራሱን ይጠራጠራል። ምናልባትም ሳያነቡለት ያባርሩታል። አንተ አታየውም፤ ስሙንም አታውቀውም። ያባረርከው ግን አንተ ነህ። ሊቁ ስህተቱ ድንጋይ ላይ እስኪቀረጽ ቆየና መዶሻ አስፈለገው። ያንተ ገና ወረቀት ላይ ነው።»

«የመምህርነቱን ወንበር ቢነሱኝስ?» አለ ሚልኪያስ ቀስ ብሎ።

«ይንሱሃ!» አሉ መምህሩ። «ሒሳብ ቆሞም ይሠራል።»